አዲሱ የማጥቃት አሰልጣኝ ገና ሳይጀምር የምንሠራቸው የግምት ስህተቶች

እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድኑን የማጥቃት አሰልጣኝ፣ የብራያን ፈረንትዝን ውል ሲያሻሽል ሁለት ቁጥሮች አስገባበት፦ ቡድኑ በጨዋታ በአማካይ 25 ነጥብ ያስቆጥር፣ ቢያንስ 7 ጨዋታ ያሸንፍ። ደመወዙም ከ900,000 ወደ 850,000 ዶላር ወረደ። ዋና አሰልጣኙ የገዛ አባቱ መሆናቸው ነገሩን የባሰ አስቸጋሪ አድርጎት ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ቡድኑ 10 ጨዋታ አሸንፏል፣ ነጥቡ ግን በአማካይ 15.4 ብቻ። ፈረንትዝ እንደማይቀጥል የተነገረው ውድድሩ ሳያልቅ ነው።

ውሉ የብዙ ደጋፊን አስተሳሰብ በሁለት መስመር አስቀምጦታል፤ ስህተቱንም ጭምር። በየዓመቱ ታኅሣሥና ጥር ላይ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ኦፌንሲቭ ኮኦርዲኔተር፣ ማለትም ማጥቃቱን የሚመራ አሰልጣኝ ይቀይራሉ፤ ደጋፊውም ወዲያው “ስንት ነጥብ ያመጣልናል?” ይላል። ጥያቄው ራሱ ጠማማ ነው።

ነጥብን እንዳለ መቁጠር

አማካይ ነጥብ ቡድኑ ስንት ጊዜ ኳስ እንደያዘ አይናገርም። አንድ ቡድን በጨዋታ አብዛኛውን ጊዜ ከ11 እስከ 13 ድራይቭ (ኳስ ይዞ የሚያጠቃበት ዙር) ያገኛል። ቶሎ ቶሎ የሚጫወት ከዚያ ይበልጣል፣ ሰዓት የሚያቃጥል ደግሞ ያንሳል። በ14 ድራይቭ 35 ነጥብ ያገባ ቡድን በድራይቭ 2.5 ነጥብ አገኘ ማለት ነው። በ10 ድራይቭ 30 ያገባው ግን 3 አግኝቷል። ሰሌዳው ላይ ያነሰው ሁለተኛው ነው፣ የተሻለ ያጠቃውም እሱ ነው።

ስሌቱን ስትሠሩ መከላከሉና ልዩ ቡድኑ (ኳስ በእግር ሲመታ የሚገባው) ያገቡትን አውጡ፤ የአዮዋ ውል እነዚህንም ለማጥቃት አሰልጣኙ ይቆጥርለት ነበር፣ እንዲያም ሆኖ አልሞላም። አጋማሹ ሊያልቅ ሲል ኳርተርባኩ (ኳሱን የሚወረውረው የማጥቃቱ መሪ ተጫዋች) ተንበርክኮ የሚያሳልፈውን ድራይቭም አትቁጠሩ። ጨዋታው ካለቀለት በኋላ ተቀያሪዎች የሚያገቡትንም እንዲሁ። ከቀድሞ ዓመታት ጋር ስታነጻጽሩ ደግሞ ደንቡን አትርሱ፦ እስከ 2022 ፈርስት ዳውን (በአራት ሙከራ ውስጥ 10 ያርድ ሲሞላ የሚገኝ አዲስ የአራት ሙከራ ዕድል) በተገኘ ቁጥር ሰዓቱ ይቆም ነበር፤ ከ2023 ወዲህ የሚቆመው በየአጋማሹ የመጨረሻ ሁለት ደቂቃ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ የዛሬ 34 ነጥብ ከ2019ኙ 34 ጋር እኩል አይደለም።

ማዕረጉን ከጥሪው ጋር ማምታታት

በእግር ኳስ የለመድነው አንድ አሰልጣኝ ሁሉን ሲወስን ነው። እዚህ ግን ማዕረጉን የያዘው ሰው የጥሪ ወረቀቱን፣ ማለትም በየሙከራው ምን እንደሚሠራ የሚጠራበትን፣ ላይዝ ይችላል። የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲን የ2019 ቡድን ውሰዱ። በ2018 በጨዋታ 32.4 ነጥብ ያገባ የነበረው ቡድን በዓመቱ 48.4 አገባ፣ 15 ጨዋታ አሸንፎ አንድም ሳይሸነፍ ዋንጫ ወሰደ። ወሬው ሁሉ ከኤንኤፍኤል (ከፕሮፌሽናሉ ሊግ) ቡድን ከኒው ኦርሊንስ ሴይንትስ ስለመጣው ወጣት ስለ ጆ ብሬዲ ነበር፤ የዓመቱ ምርጥ ረዳት አሰልጣኝ የሚሸለመውን የብሮይልስ ሽልማትም ወሰደ። የብሬዲ ማዕረግ ግን የአየር ኳስ አስተባባሪ ነበር። ኦፌንሲቭ ኮኦርዲኔተሩ ባለፈው ዓመትም እዚያው የነበረው ስቲቭ ኤንስሚንገር ነው። ኳርተርባኩ ጆ በሮውም አዲስ አልነበረም፤ በ2018 በ16 ተችዳውን (ኳሱን እስከ ተጋጣሚ ጫፍ ማድረስ) ቅብብል ጨርሶ በ2019 60 አደረሳቸው። ከፊቱ ተቀባዮቹ ጃማር ቼዝና ጀስቲን ጀፈርሰን ነበሩ። “አዲስ አሰልጣኝ መጣ፣ ሁሉም ተቀየረ” የሚለው አባባል ከዚህ ታሪክ ግማሹን ይጥላል።

አዲስ ሰው ሲሾም መጀመሪያ መጣራት ያለባቸው ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ጥሪውን የሚያደርገው ማን ነው? ኳርተርባኩን የሚመርጠው ማን ነው? የኦፌንሲቭ ላይኑን (ከፊት ቆመው የሚያግዱትን አምስቱን) አሰልጣኝ ያመጣው አዲሱ ሰው ነው ወይስ የቆየ ነው? ዋና አሰልጣኙ ወረቀቱን ካልለቀቀ የሚቀየረው ስም ብቻ ነው። ኦሃዮ ስቴት ላይ ራያን ዴይ ለዓመታት ራሱ ሲጠራ ቆይቶ በ2024 ሥራውን ለቺፕ ኬሊ አስረከበ፤ ቡድኑ በዚያው የውድድር ዘመን የአገሪቱን ዋንጫ በላ። ኬሊ ግን ጀማሪ አልነበረም፣ የዩሲኤልኤ ዋና አሰልጣኝነቱን ትቶ የመጣ ሰው ነው።

የድሮ ቡድኑን ቁጥር ተሸክሞ መምጣት

“እዚያ በጨዋታ 300 ያርድ በአየር ያገኝ ነበር፣ እዚህም ያገኛል” ማለት ከሁሉ የተለመደው ስህተት ነው። አላባማ ላይ ሌን ኪፈን በ2014 ማጥቃቱን ሲመራ ተቀባዩ አማሪ ኩፐር 124 ኳስ ይዞ 1,727 ያርድ አገኘ። በቀጣዩ ዓመት በዚያው አሰልጣኝ ሥር ሯጩ ዴሪክ ሄንሪ ኳሱን 395 ጊዜ ተሸክሞ 2,219 ያርድ ሮጠ፣ ለኮሌጅ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የሚሰጠውን የሀይዝማን ዋንጫንም ወሰደ። በ2016 ደግሞ ጨዋታው በአንደኛ ዓመት ተማሪው በጄለን ኸርትስ እግር ዙሪያ ተሠራ። ሦስት ዓመት፣ አንድ አሰልጣኝ፣ ሦስት መልክ። ጥሩ አሰልጣኝ የሚያበስለው ጓዳው ውስጥ ያለውን ነው፤ ስለዚህ የሰውየውን የድሮ ቁጥር ከመተንተን የእናንተን ጓዳ መፈተሽ ይሻላል።

ፍተሻው ከኦፌንሲቭ ላይኑ ይጀምር። ከአምስቱ ቋሚዎች ስንቱ ተመልሰዋል? ግራ ታክሉና መሀል ላይ ያለው ሴንተር ሁለቱም አዲስ ከሆኑ የመጀመሪያው ወር ሲንገዳገድ አትደነቁ፤ የመከላከያውን አሰላለፍ አይቶ ማን ማንን እንደሚያግድ የሚጠራው አብዛኛውን ጊዜ ሴንተሩ ነው። ቀጥሎ ኳርተርባኩ። ዛሬ ዝውውሩ ነጻ ስለሆነ አሰልጣኙ የሚያውቀውን ልጅ ይዞ መምጣት ወይም ማግኘት ይችላል። ኬኒ ዲሊንግሃም በ2022 ኦሪገን ሲደርስ በ2019 ኦበርን ላይ አብሮት የነበረው ቦ ኒክስም እዚያው ተዛውሮ ነበር። የጥሪ ቋንቋው መማሪያ ጊዜ በዚያው አጠረ።

ከኤንኤፍኤል የመጣ ሁሉ ይበልጣል ማለት

ሜዳው እኩል ይመስላል፣ አይደለም። ስፋቱ በሁለቱም ዘንድ 160 ጫማ ነው። በኮሌጅ ግን ሁለቱ የሃሽ ምልክቶች (ኳሱ ለየሙከራው በመሀላቸው የሚቀመጥባቸው መስመሮች) በ40 ጫማ ይራራቃሉ፣ በኤንኤፍኤል በ18 ጫማ ተኩል። ኳሱ የኮሌጅ ሃሽ ላይ ሲቀመጥ በአንድ በኩል 60፣ በሌላው 100 ጫማ ይቀራል። ያ ሰፊ ጎን በደንብ ካልተሠራበት ግማሽ ሀብት ይባክናል፤ መሀል ላይ መጫወት የለመደ ሰው ይህን ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል። ሌላም አለ፦ በኮሌጅ አጋጆች ቅብብሉ ሳይወረወር 3 ያርድ ወደፊት መሄድ ይችላሉ፣ በኤንኤፍኤል 1 ያርድ። ኳርተርባኩ ሩጫና ቅብብል መሀል የሚመርጥበት አርፒኦ በኮሌጅ ይህን ያህል የተስፋፋው አንድም በዚህ ነው።

ጊዜም ያጥራል። ተማሪ በውድድር ወቅት በሳምንት የሚሠራው 20 ሰዓት ነው። ኤንኤፍኤል ውስጥ የተለመደው ረጅም የቃል ጥሪ እዚህ ሲደርስ ይንዛዛል። ከ2024 ወዲህ አንድ ተጫዋች በሄልሜቱ ሬዲዮ መስማት መቻሉ ትንሽ አቅልሎታል፤ መስመሩ ግን በሙከራዎች መሀል የሚቆጠረው 40 ሰከንድ 15 ሲቀረው ይዘጋል። መስከረም ላይ ቡድኑ በመዘግየት ቅጣት ሲበላና ታይም አውት ሲያባክን ካያችሁ ጥሪው ለልጆቹ ረዝሟል ማለት ነው።

ሦስተኛ ዳውን ላይ መጮህ

ስታዲየሙ የሚጮኸው ሦስተኛ ዳውን (ከአራቱ ሙከራ ሦስተኛው) ላይ 11 ያርድ ቀርቶ ሩጫ ሲጠራ ነው። ጥፋቱ ግን ሁለት ፕሌይ፣ ማለትም ሁለት ሙከራ ቀደም ብሎ ተሠርቷል። ተንታኞች የሚጠቀሙበት መለኪያ ቀላል ነው፦ በመጀመሪያ ዳውን ከሚያስፈልገው ያርድ ግማሹን፣ በሁለተኛው 70 በመቶውን፣ በሦስተኛና አራተኛው ሙሉውን ያገኘ ፕሌይ “ተሳክቷል” ይባላል። ለምሳሌ ሁለተኛ ዳውን ላይ 8 ያርድ ከቀረ 6 ያርድ ይበቃል። እስክሪብቶ ይዛችሁ ጨዋታውን ተከታተሉ፣ በየፕሌዩ ምልክት አድርጉ። ከ45 በመቶ በላይ የሚሳካለት ቡድን፣ ተሸንፎም ቢሆን፣ በጥሩ መንገድ ላይ ነው። የመጀመሪያ ዳውኑን ለብቻው ቁጠሩት፤ አሰልጣኙ በይበልጥ የሚገለጠው እዚያ ነው፣ ምክንያቱም ሩጫም ቅብብልም የመጥራት ሙሉ ነጻነት አለውና።

እግረ መንገድ ስለ ሩጫ ቁጥር። በኮሌጅ ስታቲስቲክስ ኳርተርባኩ ሲጣል የሚጠፋው ያርድ ከሩጫ ላይ ይቀነሳል። “38 ሩጫ፣ 110 ያርድ” የሚል ወረቀት ካያችሁና አራት ጊዜ ሳክ ተደርጎ 32 ያርድ ከጠፋ፣ እውነተኛው ሩጫ 34 ሙከራ፣ 142 ያርድ ነው፤ ከ2.9 ወደ 4.2 ይወጣል። ችግሩ ያለው ሯጩ ጋ ሳይሆን ጥበቃው ጋ ነው።

በፀደይ ጨዋታና በመክፈቻ ድራይቮች መማረክ

የፀደይ ልምምድ 15 ቀን ብቻ ነው። የሕዝብ ማሳያ ጨዋታው ላይ ኳርተርባኩን መምታት ክልክል ነው፣ አሰልጣኙም ያለውን አያሳይም። ከእሱ የምትማሩት ተቀያሪው ኳርተርባክ ማን እንደሆነ ያህል ነው። መስከረም ላይ ደግሞ ገንዘብ ተከፍሎት በእንግድነት የመጣ ደካማ ቡድን ላይ 56 ነጥብ ማግባት ምንም አይነግርም። የመጀመሪያዎቹ 15 ያህል ፕሌዮች በብዙ ቡድኖች አስቀድመው የተጻፉ ስለሆኑ ያማረ መክፈቻ የሳምንቱን ዝግጅት ያሳያል፤ ተጋጣሚው ካስተካከለ በኋላ የሚሆነውን ለማየት የሦስተኛውን ሩብ ድራይቮች ለብቻ መዝግቡ።

አዮዋ በ2024 ቲም ሌስተርን አመጣ። ነጥቡ ከ15.4 ተነስቶ በጨዋታ ከ27 በላይ ሆነ፣ 25ቱም ተሻገረ። ወረቀቱ ጠጋ ብሎ ሲታይ ሯጩ ካሌብ ጆንሰን ብቻውን 1,537 ያርድና 21 ተችዳውን ሮጧል፤ የአየር ኳሱ ግን ከአገሪቱ ደካሞች መሀል እንደነበረ ቀርቷል። ጆንሰን በ2025 ወደ ኤንኤፍኤል ሄደ።