ጠገራ ብር ሲገዙ፦ ሚዛኑ፣ ጠርዙና የጆሮው ጠባሳ

የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ላይ የተጻፈው ዓመት ሁልጊዜ 1780 ነው። በላዩ የተቀረጸችው የኦስትሪያ ንግሥት የሞተችው በዚያው ዓመት (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ቪየና ይታተም ሮም፣ ለንደን ይሁን ፓሪስ፣ ብራስልስ ወይም ቦምቤይ፣ ሁሉም ያንኑ ዓመት ይዞ ነው የወጣው። ከደረቷ በታች ያሉት ኤስ.ኤፍ. የሚሉት ፊደላትም አብረው ተገልብጠዋል። ስለዚህ ሻጩ «የ1780 ነው» ሲል ዋሸ አይባልም፤ ዕድሜውን ግን አልነገረዎትም። ራስዎን ሁለት ነገር ለየብቻ ይጠይቁ፦ ጠገራው ከእውነተኛ ብር የተሠራ ነው ወይ? ከሆነስ ምን ደርሶበታል?

የመጀመሪያውን የሚመልሰው ሚዛን ነው። አንድ ወቄት ማለት የአንድ ጠገራ ብር ክብደት ነው፤ በግራም 28.07። ስፋቱ 40 ሚሊሜትር ገደማ፣ ውፍረቱ 2.5 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ዲጂታል ሚዛን ይጠቀሙ። ብዙ እጅ ያለፈበት ብር ትንሽ ይጎድላል፤ ከ27.5 በታች ከወረደ ግን ምክንያቱን ይፈልጉ፤ ተሞርዶ ወይም ተበስቶ ሊሆን ይችላል።

ክብደት ብቻውን ይሸነግላል፤ ወፈር ያለ ነሐስም 28 ግራም ይመዝናል። በውኃ ይፈትኑት። በብርጭቆ ውኃ ሚዛኑ ላይ ያስቀምጡና ሚዛኑን ወደ ዜሮ ይመልሱ። ብሩን በቀጭን ክር አንጠልጥለው ሙሉ በሙሉ ያስጥሙት፤ ታችም ጎንም እንዳይነካ። የተጣበቀ የአየር አረፋ ካለ ያራግፉት፣ አለበለዚያ ንባቡ ይዛባል። ጠገራ ብር 83.3 በመቶ ብር፣ ቀሪው መዳብ ስለሆነ ሚዛኑ 2.75 ግራም ገደማ ማሳየት አለበት። 28.07 ለ2.75 ሲካፈል 10.2 ይመጣል፤ የቅይጡ እፍጋት (ከውኃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ) ይኸው ነው። 3.1 እና ከዚያ በላይ ካነበበ መዳብና ኒኬል ወይም ነሐስ ነው። ማግኔት ከሳበው ደግሞ እስከ ውኃውም አያድርሱት። ማግኔት አለመሳቡ ግን ምንም አያረጋግጥም፤ መዳብንም እርሳስንም አይስብም።

ብዙ ሰው ፊቱን አይቶ ይወስናል፤ ሐሰተኛው የሚጋለጠው ግን ጠርዙ ላይ ነው። በእውነተኛው ጠርዝ ላይ «ዩስቲቲያ ኤት ክሌሜንቲያ» (ፍትሕና ምሕረት ማለት ነው) የሚለው ጽሑፍ ከሐረግ ጌጥ ጋር ወደ ውጭ ጎላ ብሎ ይነበባል። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ሐሰተኛ፣ ሁለቱ የቅርጹ ግማሾች በተጋጠሙበት ጠርዙን የሚዞር መስመር ይኖረዋል፤ መስመሩን በሞረድ አጥፍተውት ከሆነ ፊደላቱም አብረው ጠፍተዋል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ፦ ጠርዙን የሚያቋርጡ አጫጭር ቀጥ ያሉ መስመሮች ቢያዩ አይደንግጡ። በሚታተምበት ጊዜ ያቀፈው ቀለበት ከቁርጥራጭ የተገጠመ ስለነበር የመገጣጠሚያው ምልክት ነው።

ቀጥሎ አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ያንሱ። በማኅተም ተመትቶ የወጣ ፊደል ከሜዳው (ምስልና ጽሑፍ ከሌለበት ለጥ ያለ ገጽ) ላይ ቀጥ ብሎ ይነሣል፤ የፈሰሰው ግን እግሩ ክብ ነው፣ እንደቀለጠ ሻማ፤ ሜዳውም በመርፌ የተጠቀጠቀ ይመስላል። በትከሻዋ ጌጥ ዙሪያ ያሉትን ዕንቁዎች ይመልከቱ። ድሮ በገበያ ሰው ዕንቁ እየቆጠረ ነበር የሚቀበለው። ቁጥሩ እንደ ማተሚያው ሊለያይ ይችላል፤ ዋናው እያንዳንዷ ዕንቁ ተለይታ መታየቷ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። ብዙ ጠገራ ብር ለአንገት ጌጥ እንዲሆን ጆሮ (ማንጠልጠያ ቀለበት) ተበይዶለታል። ጆሮው ተነቅሎ ሲሸጥ ጠባሳው ይቀራል፦ በራሷ አናት በኩል ብሩን ወደ ብርሃን ዘንበል ያድርጉት፤ ቀለሙ ለየት ያለ የብየዳ ቅሪት፣ የተሞረደ ጠርዝ፣ የተቆረጠ ፊደል ይፈልጉ። እንዲህ ያለው እውነተኛ ብር ነው፤ ለሰብሳቢ ግን ከብሩ ክብደት ብዙም የማይበልጥ ዋጋ ነው ያለው። የተደፈነ ቀዳዳም እንዲሁ፤ በአንድ ፊት ቢያመልጥዎ በሌላው ያገኙታል።

ማለቅ የሚጀምረው ከፍ ካለው ቦታ ነው፦ ከጆሮዋ በላይ ያለው ፀጉር፣ የሻሿ እጥፋት፣ በጀርባው ደግሞ የንስሩ ደረትና የክንፎቹ ላባ። የፀጉሩ መስመሮች ተለይተው ከታዩ ጥሩ ነው፤ ፀጉሩ አንድ ወጥ ሆኖ ከተላሰ ብዙ ያገለገለ ነው። ላባው ደብዝዞ የመጀመሪያው አንጸባራቂነት ግን እዚያው ቦታ ላይ ካለ፣ ያ ሲታተም በደንብ ያልተመታ እንጂ ያለቀ አይደለም።

በአመድ፣ በሎሚ ወይም በጥርስ ሳሙና ማሸት ይቅርብዎ። ጥቁረቱ ድኝ ከብሩ ጋር የፈጠረው ስስ ሽፋን ነው፤ ሲፈገፈግ ከብሩም ይነሣል፣ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄዱ ቀጫጭን ጭረቶችም ለዘላለም ይቀራሉ። የተፈጥሮ ጥቁረት በጎድጓዳው ይከማቻል፣ በጉብታው ይሳሳል። ጉብታውም ጎድጓዳውም እኩል ከጠቆረ ሰው ያጠቆረው ነው ብለው ይጠርጥሩ። ቅባት ወይም ሙጫ ካለበት በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ በንጹሕ አሴቶን (ቅባትና ሙጫ የሚያሟሟ፣ ቶሎ የሚቀጣጠል ፈሳሽ) ይዘፍዝፉት፤ ከእሳት ይራቁ፣ መስኮት ይክፈቱ፣ ሲያወጡት አይሹት።

ለምኒልክ ብርም ያው አካሄድ ይሠራል፦ 28.075 ግራም፣ 83.5 በመቶ ብር፣ ስለዚህ የውኃው ንባብ አይለወጥም። በጠርዙ የሚፈልጉት «ኢትዮጵያ ታበጽሕ እደዊሃ ኀበ እግዚአብሔር» የሚለውን ነው።

ያገኙትን በጠርዙ ብቻ ይያዙ። ለስላሳ የፒ.ቪ.ሲ. ፕላስቲክ ኪስ ውስጥ አያስቀምጡ፤ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ዝልግልግ ያወጣና ብሩን ይበላዋል። ቶሎ ከደረሱበት አሴቶኑ ያነሣዋል፤ ከቆየ ግን ሥሩ የተበላ ሜዳ ነው የሚያገኙት።