ከድሬዳዋ ተነስቶ አንኮርን ለማየት፦ ምን መያዝ፣ መቼ መግባት፣ የት ጫማ ማውለቅ

አንኮር በካምቦዲያ፣ በሲየም ሪያፕ ከተማ አጠገብ ያለ፣ የአገሩ ሕዝብ የኽመሮች ጥንታዊ ቤተ መቅደሶች የሞሉበት ቦታ ነው። ብዙ መንገደኛ እዚያ የሚሳሳተው በሰዓት ነው። ሌሊት ይነሳል፣ የፀሐይ መውጫዋን ፎቶ ያነሳል፣ ለቁርስ ወደ ሆቴሉ ይመለሳል፤ አራት ሰዓት ላይ ፀሐዩ ሲጠና፣ አውቶቡሶቹ ቱሪስት ሲያራግፉ ደግሞ ይገባል። ማታ «አንዱን ያየ ሁሉንም አየ» ብሎ ይተኛል። ያላየው ነገር ቅርሱ ውስጥ ሰው መኖሩን፣ መነኩሴ ማደሩን፣ ዕጣን መጨሱን ነው። ሐረር ጁገል ውስጥ የኖረ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ አይሄድም፤ ቅርስ የተባለው ግንብ ለነዋሪው ሰፈሩ ነው።

እዚህ የተጻፉት ሰዓቶች በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው። ካምቦዲያ ከእኛ በ4 ሰዓት ትቀድማለች፤ ከዚያ በላይ ግን የሚያሳስተው የአቆጣጠሩ ልዩነት ነው። ሹፌሩ «ፋይቭ» ካላችሁ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ማለቱ ነው። ቀጠሮውን ስልካችሁ ላይ ጽፋችሁ አሳዩት።

ከመነሳታችሁ በፊት

መጀመሪያ የቢጫ ወባ ክትባት። ኢትዮጵያ የበሽታው ስጋት ካለባቸው አገሮች ስለምትቆጠር ካምቦዲያም ታይላንድም ካርዱን ይጠይቃሉ። ክትባቱ የሚጸናው ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ በመጨረሻው ሳምንት የተከተበ ሰው ካርድ ይዞም ሊቸገር ይችላል። አንዴ ከተወሰደ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ስለዚህ አሮጌው ካርድ ቤት ካለ ፈልጉት።

ቪዛው በኢንተርኔት ይወሰዳል፤ የቱሪስት ቪዛው ለአንድ ጊዜ መግቢያ፣ ለ30 ቀን ቆይታ ነው። የመንግሥቱን ገጽ የሚመስሉ፣ ዋጋውን ከእጥፍ በላይ የሚያስከፍሉ የደላላ ገጾች ሞልተዋል። በትክክለኛው ገጽ ላይ የኢትዮጵያ ፓስፖርት መኖሩን ሳታረጋግጡ የአውሮፕላን ቲኬት አትቁረጡ።

በጣም የተለመደው መንገድ ከድሬዳዋ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ባንኮክ፣ ከባንኮክ ሲየም ሪያፕ ነው። ባንኮክ ሁለት ኤርፖርት አላት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚያርፈው ሱቫርናብሁሚ ነው፤ ርካሾቹ በረራዎች ብዙዎቹ የሚነሱት ከዶን ሙዌንግ ነው። ቲኬቶቹን ለየብቻ ከገዛችሁ ሻንጣችሁን አውጥታችሁ፣ የታይላንድን ኢሚግሬሽን አልፋችሁ፣ ከተማውን ማቋረጥ ሊኖርባችሁ ነው። ጥቂት ዶላር ጨምሮ ሁሉንም በአንድ ቲኬት መቁረጥ ይሻላል። በየብስ እሻገራለሁ ብላችሁ ደግሞ አታስቡ፤ እ.ኤ.አ. በ2025 በሁለቱ አገሮች ድንበር ላይ ውጊያ ተነስቶ መሻገሪያዎቹ ተዘግተዋል። በዚሁ ምክንያት ድንበሩ ጫፍ ላይ ያለውን የፕሬያ ቪሂር ቤተ መቅደስ ለሌላ ጊዜ ተዉት።

አዲሱ የሲየም ሪያፕ ኤርፖርት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ሲከፈት አሮጌው ተዘግቷል። አዲሱ ከከተማው ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ የቆዩ ጽሑፎች ላይ «ከኤርፖርት አሥር ደቂቃ» የሚለውን አትመኑ።

ገንዘቡ ዶላር ነው። የአገሩ ሪየል ለመልስና ለትንንሽ ነገር ያገለግላል፤ አንድ ዶላር ወደ 4,000 ሪየል ነው። ጫፉ የተቀደደ ወይም የተጻፈበት ዶላር አይቀበሏችሁም፤ ባንክ ስትወስዱ አንድ በአንድ እዩት። ብር እዚያ ወረቀት ነው።

አሁን ለድሬና ለሐረር ሰው ብቻ የሚነገር ነገር፦ ጫት አይያዝም። ለመንገድ ተብሎም፣ ለአንድ ቀን ተብሎም። በብዙ አገሮች በአደንዛዥ ዕፅ ሕግ የሚታይ ቅጠል ነው፤ የምታልፉባቸው አገሮች ደግሞ በዕፅ ጉዳይ ቀልድ አያውቁም። የሻንጣውን ኪስ አራግፉ፤ ያለፈው ወር ገረባ እንኳ እንዳይገኝ።

ወቅቱና ልብሱ

ከኅዳር እስከ የካቲት ደረቅና ለዘብ ያለ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ይፋጃል፤ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ዝናብ ነው። የድሬ ሰው «ሙቀት ለኔ ምን ሊሆነኝ» ይል ይሆናል። የድሬ ሙቀት ደረቅ ነው፤ ላብ ወዲያው ይነሳል። የአንኮሩ እርጥብ ነው፤ ላቡ ልብሱ ላይ ይቀራል፣ ሰውነት አይቀዘቅዝም። ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 3 ሊትር የታሸገ ውኃ ቁጠሩ፤ ከአምስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጥላ ውስጥ ዋሉ። ትንኙ ቀንም ይናከሳል፤ ደንጌ አለ። ድሬ ደንጌን ስለምታውቀው ብዙ ማብራራት አያስፈልግም፦ ረጅም እጅጌ፣ የትንኝ ቅባት፣ ትኩሳት ከያዛችሁ አስፕሪን አለመውሰድ።

ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት። ይህ ምክር ሳይሆን ደንብ ነው፤ በተለይ የዋናው ቤተ መቅደስ፣ የአንኮር ዋት፣ የላይኛው ፎቅ በር ላይ ይመልሷችኋል። ነጠላ ወይም ሻርፕ እጅጌ በሌለው ልብስ ላይ ጣል ማድረግ እዚያ በር ላይ ላይቆጠርላችሁ ይችላል፤ እጅጌ ያለው ይሁን። ለወንዶች ቁምጣ ሳይሆን ቀለል ያለ ረጅም ሱሪ። ጫማው ሶሉ የሚይዝ፣ ግን በቶሎ የሚወልቅ ይሁን፤ በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ ታወልቁታላችሁ።

ቲኬትና መንገድ

መግቢያው ለአንድ ቀን 37፣ ለሦስት ቀን 62፣ ለሰባት ቀን 72 ዶላር ነው። የሦስት ቀኑን ግዙ። ተከታታይ መሆን የለበትም፤ በ10 ቀን ውስጥ የፈለጋችሁትን ሦስት ቀን ትጠቀሙበታላችሁ፣ በመካከል ማረፍ ይቻላል። ፎቶአችሁ ቲኬቱ ላይ ስለሚታተም ከሌላ ሰው የተረፈ ቲኬት መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አይከፍሉም፤ ፓስፖርታቸው ግን ይታያል። ቲኬቱ የሚሸጠው ከተማው ዳር ባለው የቲኬት ማዕከልና ቲኬቱን በሚሸጠው ድርጅት የኢንተርኔት ገጽ ላይ እንጂ ቤተ መቅደሱ በር ላይ አይደለም። ከምሽቱ 11 ሰዓት በኋላ የተቆረጠ ቲኬት ለነገው የሚቆጠር ሆኖ በዚያው ምሽት ጀንበር ስትጠልቅ ለማየት ያስገባል።

ከከተማው እስከ አንኮር ዋት 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቱክቱኩን ስታዩ አገራችሁ የገባችሁ ይመስላችኋል፤ የእኛው ባጃጅ ዓይነትም አለ፣ ሞተር ሳይክል የሚጎትተው ጋሪ መሰልም አለ። ቤተ መቅደሶቹን የሚያዳርሰውን ትንሹን ዙር፣ 17 ኪሎ ሜትሩን፣ ቀኑን ሙሉ ለመዞር ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዶላር ይጠየቃል። ትልቁ ዙር 26 ኪሎ ሜትር ነው። ዋጋውን የምትነጋገሩት ከመነሳት በፊት ነው፤ ሌሊት መነሳት ካለ ጨምራችሁ ተስማሙ። የድሬን ባጃጅ የተከራከረ ሰው እዚህ አይከብደውም፣ ግን ድምፅ ከፍ አታድርጉ። እዚያ አገር የጮኸ ሰው በክርክሩ የተሸነፈ ነው።

አንኮር ዋት፦ ወደ ቀኝ ታጠፉ

በንጉሥ ዳግማዊ ሱርያቫርማን ዘመን፣ በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ የተሠራ፣ ለሂንዱው አምላክ ለቪሽኑ የቆመ ነው። ከአብዛኞቹ የኽመር ቤተ መቅደሶች በተለየ ፊቱ ወደ ምዕራብ ነው፤ ስለዚህ ጠዋት ፀሐይ ከጀርባው ትወጣለች፣ ግንቡ ጥላ ብቻ ይሆናል። ቅርጹን በብርሃን ማየት የፈለገ ከሰዓት በኋላ ይምጣ።

በሩ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይከፈታል። 190 ሜትር ስፋት ያለውን የውኃ ቦይ ተሻግራችሁ ምዕራቡ በር ስትደርሱ በቀኝ በኩል ግቡ። እዚያ ስምንት ክንድ ያለው ረጅም የድንጋይ ሐውልት ቆሟል። ሲቀረጽ ቪሽኑ ነበር፤ ዛሬ ብርቱካናማ ጨርቅ ለብሶ፣ ታ ሪያች ተብሎ፣ ቡድሂስቶች ዕጣን ያጨሱለታል። የአገሪቱን የእምነት ታሪክ በአንድ ቦታ ማየት ከፈለጋችሁ እዚህ አሥር ደቂቃ ቁሙ።

ፀሐይዋ እንደወጣች ሕዝቡ ለቁርስ ይበተናል። እናንተ ያኔ ግቡ፤ ቁርሱን በከረጢት ያዙ። የታችኛውን መተላለፊያ ስትጀምሩ ወደ ቀኝ ታጠፉና ግድግዳውን በግራ እያደረጋችሁ ዙሩ። ቅርጾቹ የሚነበቡት በዚህ አቅጣጫ ነው። የቡድሂስት ዙር ግን በተቃራኒው፣ የሚከበረውን ነገር በቀኝ አድርጎ ነው፤ በግራ የሚዞረው የቀብር ሥርዓት በመሆኑ ብዙ ሊቃውንት ሕንፃው ከንጉሡ ሞት ጋር የተያያዘ ነው ይላሉ። መጀመሪያ በሂንዱዎች ተረክ የሚነገረው የኩሩክሼትራ ጦርነት፣ ቀጥሎ የንጉሡ ሠራዊት ሰልፍ፣ ከዚያ መንግሥተ ሰማያትና ሲኦል፣ ጥጉን ስትታጠፉ 49 ሜትር የሚደርሰው የወተት ባሕር መናጥ። አማልክትና አጋንንት እባቡን እንደ ገመድ ይዘው እየጎተቱ ይንጣሉ፤ ቅል ስትንጥ የኖረች እናት ካለቻችሁ ነገሩ ወዲያው ይገባችኋል።

ባካን የሚባለው የላይኛው ፎቅ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ40 ይከፈታል። በአንድ ጊዜ 100 ሰው ነው የሚገባው፤ ቀድሞ መሰለፍ ነው። ደረጃው ቀጥ ያለ ነው፣ ከ12 ዓመት በታች አይወጣም። በወር አራት ጊዜ በሚውለው የቡድሂስት ቅዱስ ቀን ይዘጋል። ይህን ሳያዩ መጥተው ከበሩ የሚመለሱ ብዙዎች ናቸው።

አንኮር ቶም፣ ታ ፕሮምና ባንቴይ ስሬይ

አንኮር ቶም የንጉሥ ሰባተኛው ጃያቫርማን የግንብ ከተማ ነው። እንደ ጁገል ጥንታዊ በሮቹ አምስት ናቸው፤ ስፋቱ ግን ጁገል 48 ሄክታር ሲሆን እሱ ወደ 900 ይጠጋል፣ በእግር አይሞከርም። በደቡብ በር ግቡና መሐል ላይ ባዮን የሚባለው ቤተ መቅደስ ጋ ውረዱ። ሰው ሁሉ ወደላይ ወጥቶ ፈገግ ያሉትን የድንጋይ ፊቶች ያነሳል። ከመውጣታችሁ በፊት በውጨኛው ግድግዳ ደቡብ በኩል ያለውን ቅርጽ እዩ፦ ዓሣ ስትሸጥ የተቀመጠች፣ ዶሮ የሚያዋጉ፣ ምጥ የያዛት ሴት፣ ድስት የጣዱ። ቀፊራ ገበያ ድንጋይ ላይ ቢቀረጽ ይህን ይመስል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1186 ንጉሡ ለእናቱ መታሰቢያ ያቆመው ታ ፕሮም በዛፍ ሥር ተተብትቦ የቀረ ነው። ሕንፃዎቹ ለምን እንደሚፈርሱ እዚህ ግልጽ ይሆናል። ኽመሮች ጣሪያውን የሠሩት በእውነተኛ ቅስት ሳይሆን ድንጋዩን ከሁለት ወገን እያስጠጉ በመደርደር ነው፤ ስለዚህ ክፍሎቹ ሁሉ ጠባብ ናቸው፣ አንዱ ድንጋይ በሥር ተገፍቶ ከተንሸራተተ ከላይ ያለው ይከተለዋል። በገመድ የታጠረውን አትሻገሩ፤ ሥሩ ላይም አትቀመጡ።

ባንቴይ ስሬይ ከከተማው ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ለብቻው ግማሽ ቀን ስጡት። እ.ኤ.አ. በ967 የተመረቀው ይህ ትንሽ ቤተ መቅደስ የንጉሥ ሥራ አይደለም፤ ያሠራው የቤተ መንግሥት መካሪ ነው። ቀይ ድንጋዩ እንደ እንጨት ተፈልፍሏል። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ሠላሳ ሰው ሲገባ ይጨናነቃል፤ ሲከፈት፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ድረሱ።

ዝንጀሮዎቹን አትመግቡ። ይነክሳሉ፣ ንክሻው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያስፈልገዋል።

ዋት ውስጥ

ዋት ማለት መነኮሳት የሚኖሩበት ገዳም ነው፤ በየሰፈሩ አለ። ከተማው ውስጥ ዋት ቦ ይሻላል፤ ግድግዳው ላይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተሳለው የሪያምኬር፣ የሕንዱ ራማያና የካምቦዲያ ቅጂ፣ ተረክ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1979 አገሩን የገዛው የኮሚኒስቶች ቡድን፣ ኽመር ሩዥ፣ መነኮሳቱን በግድ አስወልቆ፣ ብዙዎቹን ገድሎ፣ ዋቶቹን እስር ቤትና መጋዘን አድርጓቸው ነበር። ዛሬ የምታዩት የገዳም ሕይወት ከዚያ በኋላ እንደገና የተተከለ ነው። ስለዚህ ሽማግሌ መነኩሴን «ያኔ የት ነበሩ» ብሎ መጀመር ደግ አይደለም።

ደረጃው ሥር ጫማና ኮፍያ ይወልቃል። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ለለመደ አዲስ ነገር የለውም። አዲሱ እግር ነው፦ ስትቀመጡ እግራችሁን ወደ ጎን እጠፉ፤ መርገጫው ወደ ቡድሃው ምስል ወይም ወደ መነኩሴ አይዙር። ሴት መነኩሴን አትነካም፣ ዕቃም በእጁ አትሰጠውም፤ ጨርቅ ወይም ሳሕን ላይ ታኖርለታለች። የልጅን ራስ መዳበስ እኛ ዘንድ ፍቅር ነው፤ እዚያ ነውር ነው። ሰላምታው ሁለት መዳፍ ገጥሞ ዝቅ ማለት ነው፣ ለመነኩሴ እጁ ከፍ ይላል። እናንተ ለምስሉ ስገዱ አትባሉም፤ ሙስሊምም ሆናችሁ ክርስቲያን፣ ከኋላ ዝም ብላችሁ ብትቀመጡ ማንም ቅር አይለውም።

ጠዋት ከ12 ሰዓት ጀምሮ መነኮሳቱ በባዶ እግራቸው ለምጽዋት ይወጣሉ። የቆሎ ተማሪን ያስታውሳል፤ ልዩነቱ እነሱ አይለምኑም፣ በር ላይ ዝም ብለው ይቆማሉ። ለመስጠት ጫማችሁን አውልቁ፣ የበሰለ ሩዝ ወይም ትንሽ ሪየል ዕቃው ውስጥ አድርጉ፣ ምርቃቱ እስኪያልቅ ራሳችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ቁሙ። ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ስለማይበሉ ከሰዓት ምግብ አትውሰዱ። መንገድ ላይ ቀርቦ ብር የሚጠይቅ ብርቱካናማ የለበሰ ሰው መነኩሴ አይደለም።

ስለ ምግብ አንድ ነገር። ፕራሆክ የሚባለው የተብላላ ዓሣ የማይገባበት ወጥ ጥቂት ነው፤ ጾመኛ «ኦት ሳች»፣ ሥጋ የለም፣ ቢል ብቻ አይበቃውም፣ ፕራሆክንም በስሙ ይጥቀስ። አሳማው «ሳች ጭሩክ» ነው። ሲየም ሪያፕ ውስጥ የቻም ሙስሊሞች ሰፈርና መስጊድ አለ፤ ሐላል ምግብ ቤቶቹ እዚያ ዙሪያ ናቸው።

ጉዞውን በበዓል ለማድረግ ሁለት ምርጫ አለ። አዲስ ዓመታቸው ከሚያዝያ 5 ገደማ ጀምሮ ሦስት ቀን ነው፤ ደስ ይላል፣ ግን ሙቀቱ የከፋበት ጊዜ ነው፣ መንገዱም ይጨናነቃል። ፕቹም ቤን ደግሞ በመስቀል ሰሞን አካባቢ የሚውል የ15 ቀን የሙታን መታሰቢያ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ግድም ሰው ነጭ ለብሶ ወደ ዋት ይሄዳል፤ በጨለማው ሕንፃውን እየዞረ የሩዝ ድብልብል ለተራቡ ነፍሳት ይወረውራል። ከሄዳችሁ ነጭ ሸሚዝ ልበሱ፣ የካሜራውን ብልጭታ አጥፉ፣ ከግድግዳው ጥግ ቁሙ። መሬቱ በሩዝ ያንሸራትታል፤ ጫማችሁም ደረጃው ሥር ነው ያለው።