የእናታችሁን አልበም በስልክ ስታነሱ ጀርባውንም አንሱ

ከካዛንቺስና ከፒያሳ ተነስቶ ቱሉ ዲምቱ ወይ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የገባ ብዙ ቤተሰብ ጋ እስካሁን ያልተፈታ ካርቶን አለ፣ ውስጡ ደግሞ የድሮ አልበም። ክረምት ሳይገባ አውጡት በናታችሁ፣ እርጥበት ሲያገኘው ፎቶው እርስ በርሱ ይጣበቃል።

አነሳሱ ቀላል ነው። ፍላሽ አጥፉ፣ መስኮት አጠገብ ፀሐይ በቀጥታ የማያርፍበት ቦታ ዘርጉት፣ ስልኩን ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ ፕላስቲኩ ካብለጨለጨ አልበሙን አዙሩት። ከፍሬሙ መስታወት ጋር የተጣበቀ ካለ እንዳትልጡት፣ አብሮ የሚነሳው ምስሉ ነው፣ እንዳለ ከነመስታወቱ አንሱት። መጀመሪያ ከለሮቹን ጨርሱ፣ ጥቁርና ነጩ ምስል ከብር የተሰራ ስለሆነ ይቆያል፣ የድሮ ከለር ግን ሰማያዊ አረንጓዴው ቀለም ቀድሞ እየጠፋ ነው እንደዛ ቀይ የሚሆነው።

ከዛ ገልብጡና ጀርባውን አንሱ፣ ይሄን ነው ሰው የሚዘለው። የፎቶ ቤቱ ማኅተም፣ «ለማስታወሻ ይሁንሽ» የሚል ጽሑፍ፣ ቀን። ቀኑ በኛ አቆጣጠር ከሆነ ፋይሉ ላይ ዓ.ም. ብላችሁ ጻፉ፣ ስልኩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ስለሆነ በኋላ 7 ወይ 8 ዓመት ይዛባል።

ዋናው ግን እናንተ የማታውቁት ነገር ነው፣ እሱ ያለው እማዬ ጋ ነው። ቡና ሲፈላ አጠገቧ ቁጭ በሉ፣ «እማዬ ድምፅሽን ልቅዳው?» ብላችሁ አስፈቅዱ። «ይሄ ማነው?» ብቻ ካላችሁ ስም ነግራችሁ ታልፋለች። ኮቱ የማን ነበር? (ፎቶ ቤቶች ኮትና ክራቫት ያውሱ ነበር እኮ) ፎቶው ለማን ሊላክ ነው የተነሳችሁት? ያን ቀን ማን ቀረ? እንዲህ ሲባል ነው ወሬው የሚመጣው፣ መሀል ላይ አታቋርጧት፣ ዓመተ ምህረት ብትሳሳትም አታርሟት፣ በኋላ ታስተካክሉታላችሁ።

አንዳንዱ ፎቶ ላይ ዝም ትላለች፣ በተለይ የ1969 እና የ1970 ወጣቶች ያሉበት ከሆነ። አትጫኗት። ገጹን ግለጡና እለፉ፣ ሌላ ቀን ራሷ ታነሳዋለች፣ ካላነሳችም መብቷ ነው።

ለፊቱም ለጀርባውም ለድምፁም አንድ ቁጥር ስጡ። ስሙ ያልታወቀ ሰው ካለ ውጭ ላለችው አክስታችሁ ላኩላት፣ ቴሌግራም ላይ ግን በፋይል ይሁን፣ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ጥራቱን ይቀንሰዋል፣ ፊት ለመለየት ደግሞ ዙም ማድረጓ አይቀርም።