ሪሞት ሶፍትዌሩ ሲያስቸግር፦ ጥፋቱ የኢንተርኔቱ ነው ወይስ የፓኬጁ?

ከሌላ ቦታ ሆኖ ኮምፒውተር የሚያሠራ ሶፍትዌር፣ በአጭሩ ሪሞት የምንለው፣ ሲያስቸግር መጀመሪያ የምንወቅሰው ኢንተርኔቱን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ያለው በመረጥነው የፓኬጅ ዓይነት ላይ ነው። ፓኬጆች በአብዛኛው የሚሸጡት በሦስት ዓይነት ቆጠራ ነው። አንዱ ሰው ይቆጥራል። ሌላው ኮምፒውተር ይቆጥራል። ሦስተኛው በአንድ ጊዜ ስንት ግንኙነት እንደተከፈተ ይቆጥራል። የእናንተ ሥራ በአንዱ፣ የገዛችሁት ፓኬጅ በሌላው የሚቆጠር ከሆነ፣ ገንዘብ ከፍላችሁም ችግሩ አይለቃችሁም። ስለዚህ ዋጋ ከማየታችሁ በፊት ምልክቱን እዩ።

ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ ይቋረጣል፤ "ኮሜርሻል ዩዝ" (ለሥራ መጠቀም) የሚል መልእክት ይመጣል

ይህ ቲምቪወር በሚባለው ሪሞት ሶፍትዌር ነጻ ስሪት ላይ የተለመደ ነው። ሌላው ሪሞት ሶፍትዌር አኒዴስክም ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ አለው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ነጻው ለግል አገልግሎት ብቻ የተፈቀደ ነው። ዋሽንግተን ተቀምጦ አዲስ አበባ ያሉ ወላጆችን ኮምፒውተር ማስተካከል የግል ነው። ከቤት ሆኖ የመሥሪያ ቤትን ኮምፒውተር መክፈት ግን የሥራ ነው። ሶፍትዌሩ የሚፈርደው ከአጠቃቀማችሁ ገምቶ ስለሆነ፣ አንዳንዴ ለቤተሰቡ ብቻ የሚጠቀመውንም ሰው ይይዛል።

በእርግጥ የግል ከሆነ፣ በቲምቪወር ድረ ገጽ ላይ ለዚሁ የተዘጋጀ ቅጽ አለ። የምትጠቀሙባቸውን ኮምፒውተሮች መለያ ቁጥር ሞልታችሁ ላኩ። አጥፍቶ እንደገና መጫን አይጠቅምም፤ መለያ ቁጥሩ ከኮምፒውተሩ ጋር የተያያዘ ነው። ለቤተሰብ ብቻ ከሆነ የጉግል ሪሞት የሆነው ክሮም ሪሞት ዴስክቶፕም ነጻ ነው፤ የጉግል አካውንት ይበቃዋል። ሥራ ከሆነ ደግሞ ክፈሉ። ወይም ሰርቨር ማስተዳደር የሚችል ባለሙያ ካላችሁ ራስትዴስክ የሚባለውን ሪሞት ሶፍትዌር በራሳችሁ ሰርቨር ላይ ትከሉ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ ተሰብሮ የተነካካ ሪሞት ሶፍትዌር አታውርዱ። ይህ ሶፍትዌር የኮምፒውተራችሁ ሙሉ ቁልፍ ነው። ማን እንደነካካው የማታውቁትን ቁልፍ በራችሁ ላይ አትግጠሙ።

አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል፣ ወይም ጭራሽ መግባት አይችልም

እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ ያለአግባብ ይወጣል፤ ምክንያቱም ሁለት የተለያዩ ችግሮች አንድ ይመስላሉ።

የመጀመሪያው የግንኙነት ቁጥር ነው። ቲምቪወር ላይ ቻናል ይሉታል። ሦስት ሠራተኞች ቢኖሯችሁም ፓኬጁ አንድ ቻናል ብቻ ካለው፣ በአንድ ጊዜ የሚሠራው አንዱ ብቻ ነው። ወዲያው ወደ ትልቁ ፓኬጅ አትዝለሉ። መጀመሪያ ሥራ የሚበዛበትን ሰዓት ለይታችሁ፣ በዚያ ሰዓት ስንት ሰው አንድ ላይ እንደሚገናኝ ቁጠሩ። ሦስቱም በተለያየ ሰዓት የሚሠሩ ከሆነ አንድ ቻናል ይበቃል። ሥራውን ጨርሶ ግንኙነቱን ሳይዘጋ የሚሄድ ሰው ካለም ቻናሉ እንደተያዘ ይቀራል። ሥራ ፈትቶ የቆየ ግንኙነት በራሱ እንዲዘጋ የሚያደርግ ምርጫ በሶፍትዌሩ ውስጥ ካለ አብሩት።

ሁለተኛው የዊንዶውስ የራሱ ገደብ ነው። ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር የተጫነበት አንድ ኮምፒውተር አለ እንበል። ሁለት የሒሳብ ሠራተኞች ከቤታቸው ሆነው ከዊንዶውስ ጋር በሚመጣው ሪሞት ዴስክቶፕ ይገቡበታል። አንዷ ስትገባ ሌላው ይወጣል። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ፕሮ በአንድ ጊዜ የሚያሠራው አንድ ሰው ነው። የሆም ስሪት ደግሞ ሪሞት ዴስክቶፕን ጭራሽ አይቀበልም። ቲምቪወር ወይም አኒዴስክ ብትገዙም ሁለቱ ሰዎች አንድ ስክሪን፣ አንድ ማውስ ይጋራሉ እንጂ ለየብቻ መሥራት አይችሉም። ገደቡን በጎን ለማለፍ የሚጫኑ ፕሮግራሞች አሉ፤ ከፈቃድ ውሉ ውጪ ናቸው፣ ዊንዶውስ ሲታደስም ይበላሻሉ። ትክክለኛው መፍትሄ ዊንዶውስ ሰርቨር ገዝቶ፣ ካል የሚባለውን የሪሞት ዴስክቶፕ ፈቃድ መጨመር ነው።

ሰርቨሩ ከገባ በኋላም ሌላ ምልክት ይመጣል። ወራት በሰላም ሠርቶ ድንገት "የላይሰንስ ሰርቨር የለም" ብሎ ሁሉንም ይከለክላል። ያለ ካል የሚሠራበት የእፎይታ ጊዜ 120 ቀን ነው፤ እሱ አልቋል ማለት ነው። ሰርቨሩ ያለ ካል ሁለት ሰው የሚያስገባው ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው፤ ለዕለት የቢሮ ሥራ አልተፈቀደም።

ካል ስትገዙ ምርጫው ሁለት ነው፦ በሰው ወይም በኮምፒውተር። 10 ኮምፒውተር ላይ 30 ሰው በፈረቃ የሚሠራ ከሆነ በኮምፒውተር ግዙ፤ 10 ይበቃል። 5 ኃላፊዎች እያንዳንዳቸው ከላፕቶፕ፣ ከቤት ኮምፒውተርና ከስልክ የሚገቡ ከሆነ በሰው ግዙ፤ 15 መግዛት የለባችሁም። ለትንንሽ ቢሮዎች ግን ከዋጋው በፊት የሚታይ ነገር አለ። ዶሜይን፣ ማለትም ሁሉንም ተጠቃሚና ኮምፒውተር ከአንድ ሰርቨር የሚያስተዳድር አሠራር የሌለው፣ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ለየብቻው በሚተዳደርበት በወርክግሩፕ የሚሠራ ቢሮ በሰው የሚቆጠረውን ካል ከገዛ አይሠራለትም። ከዊንዶውስ ሰርቨር 2019 ጀምሮ ምልክቱ ግንኙነቱ በየ60 ደቂቃው መቋረጡ ነው። ይህን ያየ ሰው መስመሩን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን የካሉ ዓይነት ነው። ወይ ዶሜይን አቋቁሙ፣ ወይ በኮምፒውተር የሚቆጠረውን ግዙ።

በገባን ቁጥር ማዶ ያለ ሰው "ተቀበል" የሚለውን መጫን አለበት

አንዳንድ ፓኬጅ ለድጋፍ ሰጪ የተሠራ ነው፤ ማዶ ሰው ተቀምጦ እንዲፈቅድ ይጠብቃል። እናንተ የምትፈልጉት ማታ ሰው በሌለበት የቢሮውን ኮምፒውተር መክፈት ከሆነ፣ ያለ ሰው መግባትን የሚፈቅድ ፓኬጅ ያስፈልጋችኋል። ፓኬጁ የሚፈቅድ ከሆነ ደግሞ ቋሚ ፓስዎርድ ሳይሞላ ቀርቶ ይሆናል። ጠንካራ ፓስዎርድ ሙሉ፣ ሁለተኛ ማረጋገጫም ጨምሩ። ኮምፒውተሩ እንዳይተኛ ማድረጉንም አትርሱ።

ከፍለንም ይንቀራፈፋል

ይህ በአብዛኛው የፓኬጅ ጉዳይ አይደለም። ውዱን ብትገዙም ደካማ መስመር አይፈጥንም። የምስል ጥራቱን ቀንሱ፣ የዴስክቶፑን ፎቶ አጥፉ፣ የድምፅ ማስተላለፉን ዝጉ።

ያላሰብነው ገንዘብ ከካርዱ ተቆረጠ

ማስታወቂያው ላይ ያለው የወር ዋጋ ነው፤ የሚቆረጠው ግን ብዙ ጊዜ የዓመቱ በአንድ ላይ ነው። ዓመቱ ሲያልቅም ውሉ በራሱ ይታደሳል። አንዳንዱ ኩባንያ ማቋረጥን የሚቀበለው ከማብቂያው ሳምንታት በፊት ካሳወቃችሁ ብቻ ነው። ስለዚህ በገዛችሁበት ዕለት ራስ-ሰር ማደሻውን አጥፉ፤ የማሳወቂያውን የመጨረሻ ቀንም ስልካችሁ ላይ መዝግቡ።

ኢትዮጵያ ላለ ቢሮ ክፍያው የውጭ ምንዛሪ ካርድ ስለሚጠይቅ፣ ውጭ ያለ ዘመድ የሚከፍልበት ጊዜ አለ። ካርዱ የዘመድ ይሁን፤ አካውንቱ ግን በቢሮው ኢሜይል ይከፈት። አለዚያ ፓስዎርድ ሲጠፋ ወይም ውል መቋረጥ ሲያስፈልግ የማረጋገጫ ኮዱ የሚሄደው ዘመዱ ጋ ነው። እሱ ደግሞ እዚያ ሌሊት ስለሆነ ተኝቶ ይሆናል፣ ቢሮው ሥራ ፈትቶ ይጠብቃል።