ካቴተር የገባለትን ታካሚ ከሽንት ኢንፌክሽን እንዴት እንጠብቀው?

ሆስፒታል ለተኛ ሰው ካቴተር (ሽንቱን ከሽንት ፊኛ ወደ ከረጢት የሚያወርድ ቱቦ) ሲገባለት የአስታማሚው ሐሳብ ብዙውን ጊዜ ከረጢቱ ላይ ነው። እኔ ግን ከሁሉ በፊት "ካቴተሩ ዛሬም ያስፈልገዋል ወይ?" ብላችሁ እንድትጠይቁ እለምናለሁ። ባክቴሪያ ቱቦው ላይ ተጣብቆ ይራባል፤ ካቴተሩ በቆየበት በእያንዳንዱ ቀን ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ የመግባት ዕድሉ ከ3 እስከ 7 በመቶ ይደርሳል።

ስለዚህ በየማለዳው ሐኪሙ ታካሚዎችን ሲጎበኝ መቼ እንደሚወጣ ጠይቁ። ይህ ድፍረት አይደለም። አንሶላ እንዳይረጥብ ተብሎ ብቻ የቆየ ካቴተር መውጣት አለበት። የሚያወጣው ግን ባለሙያ ነው፤ ፊኛ ውስጥ በውሃ ተነፍቶ የያዘው ኳስ ሳይጎድል ቢጎተት ታካሚው ክፉኛ ይቆስላል።

እስኪወጣ ድረስ ቱቦውንም ሆነ ከረጢቱን ከመንካታችሁ በፊትና በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ካቴተሩና የከረጢቱ ቱቦ የሚገናኙበትን ቦታ በጭራሽ አትንቀሉ፤ ጀርም ከሚገባባቸው በሮች አንዱ ይኸው ነው። ለምርመራ ሽንት ሲያስፈልግም ነርስ ለዚያ ከተዘጋጀው ቦታ በመርፌ ትቀዳለች እንጂ ከከረጢቱ አይቀዳም።

ከረጢቱ ሁልጊዜ ከታካሚው ፊኛ ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፤ ወለል ግን አይንካ። ስህተት ሊፈጸም የሚችለው ታካሚው ለራጅ ወይም ለሌላ ምርመራ ሲወሰድ ነው፤ ከረጢቱ ሆዱ ላይ ይቀመጥና የቆየው ሽንት ወደ ፊኛ ይመለሳል። ከመንቀሳቀሱ በፊት አስፈስሱለት። ቱቦው እንዳይታጠፍና እንዳይጎተትም ጭኑ ላይ በፕላስተር ይያዝ።

ሁለት ሦስተኛው ሳይሞላ ከረጢቱን አፍስሱ። ማፍሰሻው የመቀበያውን ዕቃ አፍ አይንካ። ዕቃው የታካሚው ብቻ ይሁን፤ ከጎረቤት አልጋ መዋስ የአንዱን ጀርም ለሌላው ማቀበል ነው።

ካቴተሩ የገባበትን ገላ በየቀኑ በሳሙናና በውሃ ማጠብ ይበቃል፤ አልኮልም ሆነ ሌላ ጀርም ገዳይ አያስፈልግም። ሴቶችን ከፊት ወደ ኋላ እጠቡ።

የሽንት መደፍረስ ወይም መሽተት ብቻውን ኢንፌክሽን አይደለም፤ "ለጥንቃቄ" ተብሎ አንቲባዮቲክ መስጠትም መድኃኒቱን የተላመዱ ጀርሞችን ያበራክታል። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ከእምብርት በታች ወይም ጎን ላይ ሕመም፣ በአዛውንት ላይ ደግሞ ድንገተኛ መደናገር ካያችሁ፣ ወይም ሽንቱ መውረድ ካቆመ፣ ሳትዘገዩ ነርስ ጥሩ።