ከቀበሌ ወደ ክልል ምክር ቤት፦ ተወዳዳሪዎች የሚሳሳቱባቸው ነገሮች

ደሴ ውስጥ በቀበሌ ምክር ቤት ስሙ የተነሣለት ሰው ብዙም ሳይቆይ ባሕር ዳርን ማለም ይጀምራል። ይለም፤ ችግር የለውም። የሚሳሳትባቸውን ግን ልንገረው።

የመጀመሪያው ኮብልስቶን ነው። አንድ ወዳጄ ለክልል ምክር ቤት ሲወዳደር ሆጤ ሰፈር የቅሬ (የእድር) ስብሰባ ላይ አብሬው ነበርኩ። አንዲት እናት ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ መለስ አድርገው «ልጄ፣ ይቺን ኮረኮንች ኮብል ታስነጥፍልናለህ?» አሉት። «እማማ፣ ዓመት አይሞላም!» አለ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። የሰፈር መንገድ የከተማ አስተዳደሩ ሥራ ነው። በጀቱን የሚያጸድቀውም የከተማው ምክር ቤት ነው። የክልሉ ምክር ቤት አዋጅ ያወጣል፣ የክልሉን በጀት ያጸድቃል፣ ቢሮዎቹን ይቆጣጠራል። «የመንገድ ነገር ለምን ተጓተተ ብዬ እጠይቅላችኋለሁ» ቢል በቂ ነበር። እንዲህ ቢል ኖሮ ያን ያህል አይጨበጨብለትም ነበር፤ እሱን አልክድም።

ደግሞ «ከቀበሌ ወረዳ፣ ከወረዳ ዞን» እያሉ ተራ የሚጠብቁ አሉ። ደቡብ ወሎ ዞን የተመረጠ ምክር ቤት የለውም። በአማራ ክልል ምክር ቤት ያላቸው ዞኖች የብሔረሰብ ዞኖቹ አዊ፣ ዋግ ኽምራና ኦሮሞ ናቸው። እኛ ዘንድ ዞን ላይ የሚገኘው ሹመት ነው። ለዕጩነት ሕጉ 21 ዓመት መሙላትን ይጠይቃል እንጂ በታችኛው ምክር ቤት አልፈሃል ወይ አይልም።

ወረቀቱን አለማስረዳትም አለ። ሰኔ 14 ቀን 2013 መራጩ ሁለት የድምፅ መስጫ ወረቀት ነበር የያዘው፤ አንዱ ለተወካዮች ምክር ቤት፣ ሌላው ለክልል። ስምህ የትኛው ላይ እንዳለ ካልነገርከው ላንተ የመጣው ሰው ለሌላ ሰው ምልክት ድምፁን ሰጥቶልህ ይሄዳል። አሸናፊው ከሁሉም የበለጠ ድምፅ ያገኘው ስለሆነ፣ ግማሽ ባይሞላም፣ ጥቂት ድምፅ ዋጋ አለው።

ተመርጦ መጥፋትስ? ባሕር ዳር ሩቅ ናት፣ ማን ያገኘኛል ይባላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ግን ሕዝብ አመኔታ ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ማንሣት እንደሚችል ይናገራል።

ወዳጄ አላለፈም። ሆጤ ሲመጣ ግን እስካሁን በዚያች ኮረኮንች አያልፍም። እማማ ማሸነፍ አለማሸነፉን ከቁብ አልቆጠሩትም፤ ባዩት ቁጥር የሚጠይቁት ስለ ኮብሉ ነው።