ለጀማሪ ሮቦት ሠሪ የሚያስፈልጉ የእጅ ሙያዎች

አዳማ ውስጥ ሮቦት መሥራት የሚፈልግ ወጣት ትምህርቱን ከኮድ ባይጀምር ይመረጣል። ኮድ ሲሳሳት ይታረማል፤ በደንብ ያልተበየደ ሽቦ ግን ጥፋቱ የት እንዳለ ሳይታወቅ ሥራውን ሁሉ ያስቆማል።

በመጀመሪያ ከቆራሌው ወይም ከጥገና ቤት የማይሠራ ፕሪንተር ይግዙ። ከመብራት ነቅለው በጥንቃቄ ሲፈቱት ሞተሮች፣ ባለ ጥርስ ማርሾች፣ ዘንጎችና ብሎኖች ያገኙበታል። የመብራት ገመዱ የሚገባበትን የኃይል ክፍል ግን አይንኩት፤ ከተነቀለም በኋላ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል።

ቀጥሎ ከፕሪንተሩ በወጣው አሮጌ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ ብየዳ ይለማመዱ። መበየጃውን 350 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ካሞቁ በኋላ ጫፉን ሽቦውና ሰሌዳው በሚገናኙበት ቦታ ላይ ለሁለት ወይም ለሦስት ሰከንድ ያሳርፉ፤ ሊዱን (ቀልጦ የሚያጣብቀውን የብየዳ ሽቦ) የሚያስነኩት መበየጃውን ሳይሆን የሞቀውን መጋጠሚያ ነው። ጥሩ ብየዳ ሽቦውን ዙሪያውን አቅፎ ይይዛል፤ እንደ ጠብታ ተድቦልቡሎ የቀረው ግን አልያዘም። በከተማው ካሉት የሞባይል ጠጋኞች አንዱን አስፈቅደው እጁን ቢመለከቱ ከብዙ ቪዲዮ የበለጠ ይማራሉ። መስኮት ይክፈቱ፣ ሲጨርሱም እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።

እያንዳንዱን መጋጠሚያ፣ ባትሪው ሳይገናኝ፣ በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ይፈትሹ።

ጀማሪዎችን ከሁሉ በላይ የሚያደናግረው የኃይል አቅርቦት ነው። ሮቦቱን የሚያዘው ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ፣ የአርዱዪኖ ኡኖ አር3፣ አንድ ፒን (የሽቦ ማገናኛ እግር) በአስተማማኝ ሁኔታ የሚሰጠው 20 ሚሊአምፔር ገደማ ሲሆን፣ ትንሽ ሞተር ሲነሣ በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊአምፔር ሊስብ ስለሚችል፣ ሞተርን ከፒኑ ጋር በቀጥታ ማገናኘት ሰሌዳውን ያበላሻል። ስለዚህ በመካከላቸው እንደ ኤል298ኤን ያለ የሞተር ድራይቨር፣ ማለትም ከሰሌዳው ትእዛዝ ተቀብሎ ለሞተሩ ከባትሪው ኃይል የሚሰጥ ክፍል፣ ይግባ። ይህ ድራይቨር ራሱ ወደ 2 ቮልት ስለሚያስቀር፣ አራት ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋዮች ከሚሰጡት 6 ቮልት ለሞተሩ የሚደርሰው 4 ገደማ ነው፤ ሞተሩ የደከመ ቢመስል ምክንያቱን እዚህ ይፈልጉ። ሞተሩ በተነሣ ቁጥር አርዱዪኖው እንደገና የሚጀምር ከሆነ ደግሞ የባትሪው ቮልት ለቅጽበት እየወረደ ስለሆነ፣ ለሰሌዳው የራሱን ባትሪ ይስጡትና የሁለቱን ባትሪዎች ኔጌቲቭ ያገናኙ፤ ይህ መስመር ከሌለ ድራይቨሩ ትእዛዙን በትክክል አይቀበልም። ወደ ሊቲየም ባትሪ የሚሻገር ሰው በአዳማ ፀሐይ ሥር ወይም በተዘጋ መኪና ውስጥ አይተወው።

ከዚህ በኋላ ኮዱን ይጻፉ። በመጀመሪያው ሙከራ ሮቦቱ ወደ አንድ ጎን ቢያዘነብል አይደንቅም፤ ሁለት ሞተሮች አንድ ዓይነት ቢሆኑም ፍጥነታቸው እኩል የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። በኮዱ ውስጥ ፍጥነት ከ0 እስከ 255 ባለው ቁጥር ስለሚወሰን፣ የፈጣኑን ሞተር ቁጥር በአምስት በአምስት እየቀነሱ በሴራሚክ ወለል ላይ ቀጥ ብሎ እስኪሄድ ድረስ ይሞክሩት።